ሕንፃ ከመቆሙ በፊት፦ ከፍሎረንስ የጡብ ሞዴል እስከ ፕሪንተሩ

በምሩቃን ማኅበራችን የዓመት መጽሐፍ ላይ ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣን ሰዎች ስንጽፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕክምና ነው የምንጽፈው። ዘንድሮ ግን ስለ ሕንፃ ሞዴል ታሪክ ልጻፍ ብዬ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ከሙያዬ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ሐኪም ዕድሜዋን የምትጨርሰው ሌላ ሰው ባሰበው ሕንፃ ውስጥ እየሮጠች ነው። በዚያ ላይ አናቶሚ የተማርን ሁሉ፣ በሥዕል የታየ ነገርና በእጅ ተይዞ የተገላበጠ ነገር አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። የልብን ክፍሎች ለሳምንታት ከመጽሐፍ አጥንቶ፣ ከዚያ የፕላስቲኩን ልብ ከፍቶ ሲያይ «ለካ እንዲህ ነው!» ያላለ ማን አለ?

ይህ «ለካ እንዲህ ነው» የሚያሰኝ ነገር በሕንፃ ሙያም ረጅም ታሪክ አለው። አሁን ደግሞ በኮምፒውተር የተነደፈውን ነገር ማሽን ራሱ ቆርጦ ወይም ንጣፍ በንጣፍ ደርቦ ስለሚሠራው፣ ታሪኩ አዲስ ምዕራፍ ላይ ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሐላ የተገባለት ሞዴል

የጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ ካቴድራሏን መሥራት የጀመረችው በ1296 ነው። በ1367 ገና ያልተሠራውን ጉልላት ጭምር የሚያሳይ ሞዴል ተመረጠ። ምርጫውን ባለሙያዎቹ ለብቻቸው አልጨረሱትም፤ ጉዳዩ ለከተማው ዜጎች ድምፅ ቀርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ የግንባታው ኃላፊዎች ከሞዴሉ ውልፍት እንደማይሉ በየዓመቱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃቸውን አኑረው ይምሉ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ያን የሚያህል ጉልላት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ነው የተማለው። ሞዴሉ የሚናገረው ምን እንደሚሠራ ብቻ ነበር። እንዴት የሚለውን ለልጆቻቸው ተዉት።

«እንዴት» የሚለው ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ጠበቀ። በ1418 ለአሸናፊው 200 የወርቅ ፍሎሪን የሚያስገኝ ውድድር ታወጀ። ችግሩ ይህ ነው፦ ጉልላቱ ከ40 ሜትር በላይ ስፋት አለው። በጊዜው ልማድ ቅስት ወይም ጉልላት ሲገነባ፣ ግንቡ ተጋጥሞ ራሱን እስኪችል ድረስ ከሥር ደግፎ የሚይዘው የእንጨት መዋቅር ያስፈልጋል። ለዚህ ስፋትና ከፍታ የሚበቃ እንጨት ከየት ይመጣል?

ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የተባለው፣ በሙያው ወርቅ አንጥረኛ የነበረው ሰው፣ ያለ እንጨት ድጋፍ እሠራዋለሁ አለ። ማን ይመነው! እሱ ግን በቃል ብቻ ሲከራከር አልዋለም። ከ5,000 በላይ ጡብ የፈጀ ትልቅ ሞዴል ግንበኞች ቀጥሮ አሠራ፤ ሞዴሉንም ያለ እንጨት ድጋፍ አስገነባው። የተጠራጠረ ሰው ሄዶ አየ። ሥራው በ1420 ተጀመረና ጉልላቱ በ1436 ተጠናቀቀ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንደሚሉት፣ አንድ ድንጋይ እንዴት መጠረብ እንዳለበት ግንበኞቹ ሳይገባቸው ሲቀር፣ ትልልቅ የሥር አትክልት በቢላዋ እየቀረጸ ያሳያቸው ነበር። ግንበኛው ፕላን ማንበብ ባይችልም፣ በእጁ የያዘውን ነገር ገልብጦ ያየዋል።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ሞዴል አየን ማለት ነው። የ1367ቱ ለሕዝብ የተገባ ቃል ኪዳን ነው፤ የብሩኔሌስኪው ደግሞ ሙከራ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተግባሮች እስከ ዛሬ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ይጣላሉ።

አንጎል የሳለው አርክቴክት

የፍሎረንሱ ታሪክ ሰዎች ሞዴል አይተው ሲያምኑ ያሳያል። የለንደኑ ደግሞ ሞዴል አይተው እምቢ ሲሉ የሚሆነውን ያሳያል።

ክሪስቶፈር ሬንን እኛ ሐኪሞች ሳናውቀው እናውቀዋለን። ከአንጎላችን ሥር ያለውን የደም ሥሮች ቀለበት በስሙ የምንጠራው ቶማስ ዊሊስ፣ በ1664 ስለ አንጎል አናቶሚ መጽሐፍ ሲያሳትም ሥዕሎቹን ከሳሉለት ሰዎች አንዱ ሬን ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1656 በኦክስፎርድ በውሻ ደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ በቀጥታ የማስገባት ሙከራ አድርጓል። ዛሬ በየዋርዱ የምንሰቅለው ጉሉኮስ የሩቅ ዘመዱ እዚያ ነው።

በ1666 የለንደን ታላቁ እሳት የድሮውን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሲያወድመው፣ አዲሱን የመንደፍ ሥራ ለሬን ደረሰው። በ1673 እና 1674 ከወይራ ከማይተናነስ ጠንካራ እንጨትና ከጀሶ ትልቅ ሞዴል አሠራ። ርዝመቱ ከ6 ሜትር በላይ ነው፤ ሰው ገብቶ ከውስጥ ሊያየው ይችላል። ወጪው በጊዜው ለንደን ውስጥ ጥሩ ቤት ያሠራ ነበር። ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ ወደዱት። ካህናቱ ግን አልተቀበሉትም። እነሱ የሚያውቁት ረጅሙን፣ የመስቀል ቅርጽ ያለውን የእንግሊዝ ካቴድራል ነው፤ ይኼ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነባቸው። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፦ ገንዘቡ የሚገኘው ቀስ በቀስ ስለሆነ ከፊሉን ሠርቶ መገልገል ያስፈልግ ነበር፤ የዚህ ሞዴል ሕንፃ ደግሞ በከፊል ተሠርቶ የሚያገለግል አልነበረም።

ሬን ክፉኛ አዘነ። ቤተሰቡ ባስቀመጠው መዝገብ እንደተጻፈው፣ ከዚያ በኋላ ሞዴል ሠርቶ ወይም ንድፉን ለሕዝብ አውጥቶ ላለማሳየት ወሰነ። በ1675 ሌላ ንድፍ ጸደቀለት፤ ጌጥ ነክ ለውጦችን በራሱ ውሳኔ እንዲያደርግም ንጉሡ ፈቀዱለት። እሱም ያቺን ፈቃድ በሚገባ ተጠቀመባት። ዛሬ ለንደን ላይ የሚታየው ጉልላት በወረቀት ከጸደቀው እጅግ የተለየ ነው። የተናቀው ትልቁ ሞዴል ግን አሁንም እዚያው ካቴድራል ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ይከብዳል። የተሠራው ሕንፃ ድንቅ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ባለሙያ ያልሆነ ሰው በሙሉ ልቡ አልስማማም ማለት የቻለው ሞዴል ስላየ ነው። ወረቀቱን ቢያሳዩት ምናልባት ዝም ብሎ ይፈርም ነበር። ሞዴል የማያውቀውን ሰው አዋቂ ያደርገዋል። አንዳንድ ባለሙያ ሞዴል የማይወደውም ለዚህ ይመስለኛል።

ተገልብጦ የተንጠለጠለው ቤተ ክርስቲያን

የሬን ወዳጅና የሥራ ባልደረባ ሮበርት ሁክ ነበር። ይህንንም ሰው እናውቀዋለን፤ በ1665 ባሳተመው የማይክሮስኮፕ መጽሐፍ ሴል የሚለውን ቃል ያስተዋወቀ እሱ ነው። በ1675 ስለ ቅስት ያገኘውን ምስጢር ፊደሎቹን አዘበራርቆ አሳተመ፤ እንቆቅልሹ ሲፈታ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰንሰለት በሁለት ጫፉ ይዘህ ስትለቀው የሚሠራው ቅርጽ፣ ተገልብጦ ከድንጋይ ቢሠራ ራሱን የሚችል ቅስት ይሆናል። የተንጠለጠለ ሰንሰለት መሳብ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲገለበጥ መሳቡ ወደ መገፋት ይለወጣል። ድንጋይ ደግሞ መገፋትን ይችላል፤ መሳብን ግን አይወድም።

ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የወሰደው የባርሴሎናው አንቶኒ ጋውዲ ነው። ከባርሴሎና ወጣ ብሎ በሚገኘው የኮሎኒያ ጉዌል የሠራተኞች መንደር ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ በ1898 ታዘዘ። ግንባታው የተጀመረው በ1908 ነው። በመካከል ያሉትን አሥር ዓመታት ምን ሲሠራ ነበር? ክር ሲያንጠለጥል። የሕንፃው አንድ አሥረኛ የሚሆን ሞዴል ከጣራ ላይ ቁልቁል አንጠለጠለ። በየክሩ ላይ የእርሳስ ጠጠር የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶችን ሰቀለ፤ ክብደታቸው ከእውነተኛው ጭነት አሥር ሺህኛ ነበር። አንዷን ከረጢት ሲያነሣ ወይም ሲጨምር ሌላው ክር ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያ ፎቶ አንሥቶ ፎቶውን ገለበጠው፤ በላዩም ላይ ሕንፃውን ሣለ። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ሥራው በ1914 ቆመ፤ የተሠራው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሞዴል መልስ ይሰጣል። አንድ ቦታ ስትነካው ሌላ ቦታ ይነግርሃል። የታማሚን ሆድ እንደመንካት ነው፤ አንዱን ጎን ስትጫነው ሕመሙ በሌላው ጎን ይናገራል።

ግን ትንሽ ሞዴል ሁሉ እውነት ይናገራል ማለት አይደለም። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በአጥንት ሥዕል አስረድቷል። አንድ እንስሳ በሁሉም አቅጣጫ ሁለት እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የአጥንቱ ወርድ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የዝሆን እግር የተጎተተ የፍየል እግር ሊሆን አይችልም፤ መወፈር አለበት። ሕንፃም እንዲሁ ነው። ጠረጴዛ ላይ የቆመ የካርቶን ሞዴል ዋናው ሕንፃ እንደሚቆም አያረጋግጥም። የብሩኔሌስኪና የጋውዲ ሞዴሎች ግን የሚታመኑበት ምክንያት ነበራቸው፦ በድንጋይና በጡብ ግንብ ዋናው ጥያቄ የግንቡ ቅርጽ ኃይሉን በውስጡ ይዞ መውረዱ ነው፤ የቅርጽ ጉዳይ ደግሞ በትንሹም በትልቁም ያው ነው። ብረትና ኮንክሪት ሲመጣ ስሌቱ ሌላ ሆነ።

የተሰባበረው ጀሶ

ጋውዲ ከ1914 በኋላ ሙሉ ጊዜውን ለሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ግንባታው በ1882 ተጀምሮ እሱ በ1883 የተረከበው ነው። በ1926 ትራም ገጭቶት ሲሞት ሕንፃው ገና ነበር። ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ትቶ የሄደው ዋናው ነገር የጀሶ ሞዴል ነው። እኛ አገር ጀሶ ሲባል አንድም ግድግዳና ኮርኒስ ይታሰባል፣ አንድም የተሰበረ እግር። ለጋውዲ ግን ማሰቢያው ነበር።

በሐምሌ 1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ሰዎች የሥራ ቦታውን አቃጠሉት፤ ሞዴሎቹንም ሰባበሯቸው። የተረፉት ተከታዮቹ ስብርባሪውን ለቅመው፣ ቁራጭ ከቁራጭ እያጋጠሙ መልሰው መሥራት ያዙ። የተፈጨ አጥንት ፎቶ ይዞ ኦፕሬሽን ክፍል የገባ የአጥንት ሐኪም ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ አንዱ ቁራጭ ከየት እንደመጣ የምታውቀው የጎረቤቱን ጠርዝ አይተህ ነው። ለተከታዮቹ የረዳቸው ጋውዲ ቅርጾቹን በዘፈቀደ አለመሥራቱ ነው። ቅርጾቹ በሕግ የሚገዙ ነበሩ፤ ጠማማ የሚመስለው ገጽ ሁሉ ከቀጥታ መስመሮች የሚወለድ ነበር። ሕጉን ያገኘ ሰው ከአንድ ስባሪ ሙሉውን መገመት ይችላል።

ማርክ በሪ የተባለው ከኒውዚላንድ የሄደ የአርክቴክቸር ተማሪ በ1979 ሥራውን ተቀላቀለ። መጀመሪያ በእጅ ነበር የሚነድፉት። በኋላ ኮምፒውተር ገባ፤ የተጠቀሙበትም አውሮፕላን ለመንደፍ የተሠራ ዓይነት ሶፍትዌር ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከዱቄት ሞዴል የሚሠራ ፕሪንተር ከጀሶ ሠራተኞቹ ጎን ተቀመጠ። ማታ የታዘዘው ሞዴል ጠዋት ይደርሳል። የጀሶ ባለሙያዎቹ ግን አልተሰናበቱም፤ ከማሽኑ የወጣውን ተቀብለው የሚያስተካክሉት፣ ከድሮው ስባሪ ጋር የሚያስተያዩት እነሱ ናቸው። የዲጂታል ሥራ እጅን ያስቀራል ለሚሉ ወዳጆቼ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ማሽኑ ከየት መጣ

በቁጥር የሚታዘዝ የመቁረጫ ማሽን በአሜሪካው ኤም አይ ቲ በ1952 ለሕዝብ ታየ። ትዕዛዙን የሚቀበለው ከተበሳ ወረቀት ነበር። ይህ ማሽን ከትልቅ ነገር እየቀነሰ ቅርጽ ያወጣል፤ እንደ ድንጋይ ጠራቢ። ሁለተኛው መንገድ መጨመር ነው። ቻክ ሀል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1983 በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ንጣፍ በንጣፍ እየደረበ የመጀመሪያውን ዕቃ አተመ። ምን መሰላችሁ? ዓይን ማጠቢያ ትንሽ ስኒ! የዓይን ሐኪሞቻችን ደስ ይበላችሁ።

ለሐኪም ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በ1971 የመጀመሪያው በሽተኛ በሲቲ ስካን ሲታይ፣ ማሽኑ ያደረገው ጭንቅላትን በስስ ስስ ሽፋን ማንበብ ነው። ፕሪንተሩ ያንኑ በተቃራኒው ይሠራዋል፤ ስስ ስሱን ይደርብና አካል ያደርገዋል። ለዚህ ነው ዛሬ የቀዶ ሐኪም የበሽተኛውን መንጋጋ ወይም ዳሌ ከስካኑ አሳትሞ፣ ቢላዋ ሳያነሣ በፊት በእጁ ይዞ የሚያስበው። በዚህም ሕክምና ከአርክቴክቸር ጋር አንድ ቤት ገብቷል። ለነገሩ ዝምድናው የቆየ ነው፤ የብሩኔሌስኪ ከተማ ፍሎረንስ በ1775 የከፈተችው ላ ስፔኮላ የተባለው ሙዚየም፣ ሬሳ ሳይኖር አናቶሚ የሚያስተምሩ የሰም ሞዴሎች ቤት ነው።

በሕንፃ በኩል ብዙዎች የሚያነሱት የፍራንክ ጌሪ ሥራ ነው፤ በስፔን ቢልባኦ በ1997 የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም። ሰው ኮምፒውተር የፈጠረው ሕንፃ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተጀመረው በወረቀትና በእንጨት ሞዴል፣ በእጅ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ ነው። ከዚያ የሞዴሉ ገጽ ነጥብ በነጥብ እየተለካ፣ ለፈረንሳይ አውሮፕላኖች ወደተሠራው ካቲያ ወደተባለው ሶፍትዌር ገባ። ሶፍትዌሩ ልኩን አስልቶ ለፋብሪካ ሰጠ፤ ሕንፃውም የአጥንት ሐኪሞቻችን በሚያውቁት ታይታኒየም ተሸፈነ። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ መጨረሻ ማሽን።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን የሕንፃ ትምህርት በ1954 በስዊድን ድጋፍ የሕንፃ ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ ብዙ መንገድ ተጉዟል። የአርክቴክቸር ተማሪ የሆነ ወዳጅ ያለው ሁሉ፣ ለፈተና ሞዴል ሲቆርጥ ያደረ፣ ጣቱ በሙጫ የተጣበቀ ልጅ ያስታውሳል። ሞዴል ለሰፊው ሕዝብ የሚታየው ግን በአብዛኛው አፓርታማ ሲሸጥ ነው። መስታወት ውስጥ ተቀምጦ፣ ትንንሽ መብራት በርቶለት፣ ዛፎቹ አረንጓዴ ሆነው። ይህ የ1367ቱን ቃል ኪዳን ይመስላል፤ የሚምልበት ሰው ግን የለም። ቤቱ ሲረከብ ልዩነቱን የሚጠይቅም ብዙ አይደለም።

የእኔ ጭንቀት የሆስፒታል ሕንፃ ነው። ከሠራሁባቸው ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ኦፕሬሽን ክፍል በሚወስደው ኮሪደር ላይ አንድ መታጠፊያ አለ። ስትሬቸር የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ አይታጠፍም። ሲሊንደሩን አንድ ሰው ተሸክሞ፣ ሌላው ስትሬቸሩን አጋድሎ ነው የሚታለፈው። አንዲት የቆየች ነርስ አንድ ቀን «ዶክተር፣ ይሄን ፕላን የሳለው ሰው አልጋ ገፍቶ ያውቃል?» አለችኝ። ፕላኑ ላይ ኮሪደሩ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ነው። በወረቀት ላይ ሁሉም ይታጠፋል።

ሌላም አለ። በዋርድ ፕላን ላይ አልጋ ይሳላል፤ አስታማሚ አይሳልም። እኛ ግን የሁላችንም ዋርድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ከየአልጋው ሥር ብርድ ልብስ፣ ምሳ ዕቃ፣ አንዲት እናት ወይም ወንድም አለ። ማታ ነርሷ በጨለማ እግር እየዘለለች ነው መድኃኒት የምትሰጠው። አስታማሚ የሕክምናችን አንድ ክፍል ነው፤ ያለ እሱ ማን ያጎርሳል፣ ማን ያገላብጣል? ሞዴል ቢሠራና አልጋዎቹ መካከል ትንንሽ ሰዎች ቢደረደሩ፣ ቦታው እንደማይበቃ ለማየት አርክቴክት መሆን አያስፈልግም። የጽዳት ሠራተኛዋም ታየዋለች።

ለዚህ ድሮ የነበረው መልስ «ሞዴል ውድ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል» የሚል ነበር። የሬን ሞዴል የቤት ዋጋ ማውጣቱን አይተናል። ዛሬ ግን ንድፉ አስቀድሞ በኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ የቀረው ማሳተም ወይም በሌዘር ካርቶን ማስቆረጥ ነው። ከጠቅላላው የግንባታ ወጪ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሰበቡ ካለቀ የሚቀረው ፈቃደኝነት ነው።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ለምታነቡ ሁለት ወገኖች አንዳንድ ነገር አደራ እላለሁ። በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህራን፦ የአርክቴክቸርና የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ወርክሾፕ የሚገናኙበት አንድ የጋራ ፕሮጀክት ይኑር። አንዱ የዳሌ አጥንት ያሳትም፣ አንዱ የማዋለጃ ክፍል ሞዴል ይቁረጥ፤ ከዚያ ይጠያየቁ። በልዩ ልዩ ቦርድና የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ ለተቀመጣችሁ ምሩቃን ደግሞ፦ የሆስፒታል ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሞዴሉ ሠራተኛ በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ አጠገቡ ደብተርና እስክሪብቶ ይኑር፤ ማንም ስሙን ሳይጽፍ ሐሳቡን ይጻፍ። ከተቻለም አንድ የታካሚ ክፍል በኮምፔንሳቶ በሙሉ ልኩ ይቁምና እውነተኛ ስትሬቸር ይገፋበት። ካልታጠፈ ኮምፔንሳቶውን መንቀል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኮንክሪቱን ግን ለሃምሳ ዓመት ስንሸከመው እንኖራለን።